የበርበሬ መጋዘኑ ደም መጣጭ

ልጅ እያለሁ ቡታጅራ ውስጥ በርበሬ በርበሬ የማይል ቤት አላውቅም። የአባቴ መጋዘንማ ደጃፉን ገና ሲረግጡት ያስነጥስ ነበር። ደም መጣጩን ሰውዬ መጀመሪያ ያየሁትም እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ እያስነጠስኩ ነው።

ዘመኑ የንጉሡ ማብቂያ ነው። አጎቴ ሸምሱ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ይሠራ ነበር። ሰው ሁሉ ለአረፋ ስኳርና ልብስ ይዞ ሲገባ፣ እሱ የፊልም ማሳያና ጀነሬተር ጭኖ ከች አለ። መጋዘኑ ግድግዳ ላይ አቡጀዴ ወጠረና ጎረቤቱን ጠራ። ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ፊቱ የገረጣ ጌታ ከሬሳ ሣጥን ተነሥቶ የተኛች ሴት አንገት ላይ ጎንበስ አለ። እንግሊዝኛውን ማን ይሰማል፤ አጎቴ ነው የሚያስረዳን። የተነከሰ ሰው እሱም ደም መጣጭ ይሆናል፣ ብርሃን ይጠላል፣ ከሁሉ በፊት የሚመጣውም የገዛ ቤተሰቡ ላይ ነው አለን። ምናለ ይቺን የመጨረሻዋን ቢተዋት!

የጎረቤታችን ልጅ አልማዝ ደም መጣጩ መስቀል ሲያይ እንደሚሸሽ አይታለችና ማተቧን ጨብጣ ተረጋጋች። እኔ መስቀል ከየት ላምጣ? ያለኝ መጽናኛ አንድ ብቻ ነበር፤ እኛ በከፈን እንጂ በሣጥን ስለማንቀበር ከእኛ ወገን የሚነሣ አይኖርም አልኩ።

በዓሉ እንዳለፈ እናቴን ራስ ምታት ጣላት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዋግምት የሚያግሙት ሽማግሌ ማጅራቷ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ቀንዱን አፋቸው ውስጥ አድርገው ደሟን ይመጥጣሉ። በጀርባዋም ይወርዳል። ዋግምት ብርቄ አይደለም፣ ስንቱ ሲታገም አይቻለሁ። ያን ቀን ግን የታየኝ ያ ባለ ካባው ጌታ ነው። ይባስ ብላ እናቴ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ፣ መስኮቱን ዝጉልኝ አለች። አለቀላት አልኩ፤ እናቴን ወሰዱብኝ።

ሮጬ አልማዝ ቤት አልጋ ሥር ተወሸቅሁ። አባቴ እንሴኖ ገበያ ወርዶ ነበር፣ የሚያስጥለኝ የለም። ሲመሻሽ የአልማዝ እናት እጄን ይዘው መለሱኝና ሄዱ። ቤቱ ጨለም ብሏል። እናቴ ከአልጋዋ እጇን ዘረጋች።

«ነይ ልጄ፣ እቀፊኝ። በርዶኛል።»

በሩ ላይ ተገትሬ አለቀስኩ። እንዳልገባ እፈራለሁ፤ እንዳልሄድ ደግሞ ያለሷ የት እደርሳለሁ? ብትነክሰኝም ትንከሰኝ አልኩና ቢስሚላሂ ብዬ ጋቢዋ ውስጥ ገባሁ። አንገቴንም ራሴው ገለጥኩላት። እሷ አንገቴን ስማ፣ ምነው እንዲህ ትንቀጠቀጫለሽ አለችና እንቅልፍ ወሰዳት።

በቀደም ልጄ ያንን ፊልም ስልኳ ላይ አገኘችልኝ። የዚያ ሁሉ ፍርሃት ምንጭ የካርቶን ግንብና የቀለም ደም ኖሯል፤ አብረን ሳቅን። መነሻው የሆነውን ልብ ወለድ ግን ለብቻዬ ነው ያነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ የሞቱት ተመልሰው የቤታቸውን መስኮት ያንኳኳሉ፤ ቤተሰቡም ደም መጣጭ ይሸሸዋል የተባለውን ነጭ ሽንኩርት አንጠልጥሎ ይዘጋባቸዋል። እዚያ ላይ ማንበብ አቃተኝ። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ካረፈች ቆይታለች። እሷ ብትሆን ግን እከፍትላት ነበር።