ሳያመኝ የሚዋጥ ኪኒን

ጉልበቴን ኦፕራሲዮን የተደረግኩት ለመስገድ ነው። ሐኪሙ ለምን እንደፈለግሁት ሲጠይቀኝ ይህንኑ ነገርኩት። ሌሎቹ ታካሚዎቹ ኳስ ለመጫወት ሳይሆን አይቀርም የሚመጡት፤ ቀና ብሎ አየኝ። ያለፈው ዓመት ስቅለት ሕዝቡ ሲሰግድ እኔ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፌ ነው የዋልኩት። ያየኝ ሰው ግንቡ እንዳይወድቅ የተመደብኩ ሳይመስለው አልቀረም። ዳግመኛ እንደዚያ መዋል አልፈለግሁም።

ኦፕራሲዮኑን ያደረግኩት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ካዛንቺስ በሆቴሎች መሀል ባለች አንዲት ክሊኒክ ነው። በትንንሽ ቀዳዳዎች ቀጭን ካሜራና መሣሪያ አስገብተው የተቀደደውን ልም አጥንት አስተካከሉልኝ። ለዚህ ዘመን ያደረሰኝ እግዚአብሔር ይመስገን። ስነቃ ሐኪሙ አጠገቤ ቆሟል። የልጄ እኩያ ነው።

«እማማ፣ ስንጨርስ መገጣጠሚያው ውስጥ ማደንዘዣ ወግተንበታል። እስከ ማታ ብዙም አይሰማዎትም። ኪኒኑን ግን ሳያምዎት ይጀምሩ።»

«ሳያመኝ?»

«ሳያምዎት። ማደንዘዣው ሲለቅ ኪኒኑ ቀድሞ ገብቶ መጠበቅ አለበት። ሕመሙ አንዴ ከጠና በኋላ ማስታገስ ይከብዳል።»

እሺ አልኩት። በልቤ ግን ላልሞተ ሰው ድንኳን እንደ መትከል ቆጠርኩት። እግዚአብሔር ሕመሙን አንሥቶልኛል፤ እኔ ደግሞ ኪኒን ውጬ አላመንኩህም ልበለው?

የካዛንቺስ ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ የምኖረው ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በክራንችና በልጄ ትከሻ ደረጃውን ወጣሁ። ምንም አላመመኝም። ሶፋው ላይ እግሬን ዘርግቼ ሳልጨርስ የካዛንቺስ ጎረቤቴ የነበረች ሴት ልትጠይቀኝ ደረሰች።

«እግዚአብሔር ይማርሽ። ምነው ፊትሽ አበራ? እውነት ቀደውሽ ነው?»

«ቀደውኛል።»

«እኔ የማውቃት አንዲት ሴት ልክ እንዳንቺ ስትስቅ አመሸች። ጠዋት እግሯ ትራስ አክሎ ተገኘ።»

እንዲህ አድርጋ ካጽናናችኝ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኪኒን አየችው። «ይሄንንማ እንዳትነኪው። ጨጓራሽን ነው የሚጨርሰው።»

ልጄ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «እማ፣ ኪኒኑን ዋጥሽ?»

«አላመመኝም እኮ።»

«ሐኪሙ ሳያምሽ ነው ያለው!»

«ተያት እስቲ አንቺ ደግሞ» አለች ጎረቤቴ፣ «ሰው ሳያመው መድኃኒት ይውጣል እንዴ?»

ሁለት ያልተማርን ሐኪሞች ተስማማን።

ልትሄድ ስትነሣ አብሬ ተነሣሁ። እንግዳ ተቀምጬ ሸኝቼ አላውቅም። «ኧረ በእመቤቴ፣ አትነሺ!» እያለች በሩን እስክከፍትላት ቆማ ጠበቀችኝ። እስከ ደረጃው ሸኘኋት። እዚያ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ጀመርን፤ መቼም የእኛ ሰው ዋናውን ወሬ ለበር ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ከእሷ በኋላ የመጡትንም እንዲሁ ሸኘሁ። የደነዘዘ ጉልበት ታዛዥ ነው፤ ምንም ቢሉት እሺ ይላል።

ሲመሽ ማደንዘዣው ሳይሰናበተኝ ሄደ። ጉልበቴ መጀመሪያ ጋለ፣ ከዚያ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ቀጥሎ ያለውን ልግለጽ ብል ቃል የለኝም፤ ጩኸት ግን ነበረኝ። «ኪኒኑን አምጪልኝ» አልኳት ልጄን። አንዲት ቃል ሳትናገር አመጣችልኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዘግይቶ የተዋጠ ኪኒን ደግሞ አይቸኩልም።

ከዚያ የተማርኩ እንዳይመስላችሁ። ጾሙ ገባ። ኪኒኑ ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው፤ እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ስለዚህ የጠዋቱን ተውኩት። ሕመሙን ለነፍሴ ብዬ ቻልኩት። እግሬን እንዳጥፍና እንድዘረጋ ታዝዤ ነበር፤ ስለሚያመኝ አላጠፍኩትም። ነፍሴ ስትጠቀም ጉልበቴ ጣውላ ሆነ።

እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ባለሙያ ጉልበቴን ልታጥፈው ብትሞክር እምቢ አላት።

«እማማ፣ እንዲህ ከቀጠሉ መገጣጠሚያው ይደርቃል።»

«ይደርቃል ማለት?»

«አይታጠፍም ማለት ነዋ።»

«መስገድስ?»

«እሱንማ ወንበር ላይ ሆነው ይጸልዩ።»

ወዲያው ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

«አባቴ፣ ሕመሙን ብችለው ለነፍሴ አይጠቅማትም?»

«ጉልበትሽን ለማን ተሳልሽው?»

«ኧረ ለማንም።»

«እንግዲያው ጠዋት ቁራሽ ዳቦ ብዪ፣ መድኃኒቱን ዋጪ፣ እግርሽን እጠፊ። ይህን እንደ ቀኖና ያዢው።»

«በጾም፣ አባቴ?»

«ልጄ፣ መጾሙንስ ታውቂበታለሽ። ዘንድሮ ደግሞ መታዘዝ ልመጂ።»

በጾም ቁርስ የሚበላ ሰው ሳይ ከንፈሬን ስመጥ የኖርኩ ሴት፣ በየጠዋቱ መጋረጃውን ዘግቼ ዳቦ አላመጥኩ። እንደዚያ የከበደኝ ቀኖና አላስታውስም። ኪኒኑ ሥራውን ሲጀምር ተረከዜን ወደ ራሴ እስባለሁ፤ ጉልበቴ ያጉረመርማል፣ ግን ይታጠፋል። በየሳምንቱ ትንሽ ይጨምራል። ኪኒኑም እየቀነሰ ሄዶ ቀረ።

ስቅለት ሲደርስ ባለሙያዋ ለስለስ ያለ ነገር አንጥፌ ጥቂት ብቻ እንድሰግድ ፈቀደችልኝ። ትራስ ይዤ ሄድኩ። ሕዝቡ ሲሰግድ ቀስ ብዬ ተንበረከክሁ፤ ግንባሬ መሬት ነካ። አመመኝ። ደስ የሚል ሕመም ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ሕመም ነው። ግን ደርሻለሁ። እዚያው ሆኜ አመሰገንኩ። ሕዝቡ ተነሣ፣ እንደገና ሰገደ፣ እንደገና ተነሣ። ልጄ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ተዪኝ፣ እያመሰገንኩ ነው።»

እውነቴን ነው። መነሣቱ ስላቃተኝ ለምስጋና የሚሆን ሰፊ ጊዜ አግኝቼ ነበር።