የጋሽ አብዱልሃዲ ጥያቄ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ እንደ ጋሽ አብዱልሃዲ ብቸኛ ሰው አላውቅም። ክፉ ሆነው አይደለም። ሥራቸው የነዋሪ ምዝገባ ነው፤ ማን የት እንደሚኖር፣ ማን ከማን እንደተፋታ፣ ሁሉም ኮምፒውተራቸው ውስጥ አለ። እሳቸው ደግሞ ለማንም ትንፍሽ አይሉም።

ሴት ልጁን ሊድር ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው እሳቸው ዘንድ ነው። “ሙሽራው ጀውሃ ላይ ሌላ ሚስት አለችው ይባላል፤ እስቲ ይዩልን።”

“ራሱን ጠይቁት” ይላሉ። በቃ።

ሰዉ ተቀየማቸው። ጫት ሲቃም ቦታ የሚለቅላቸው ጠፋ፤ ሠርግም የሚጠራቸው የለም። ከሥራ ሲወጡ እኔ ሻይ ቤት ይመጡና ጥግ ላይ፣ ቬንትሌተሩ ሥር፣ ብቻቸውን ይቀመጣሉ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አንዲት ልጃቸው ሐምዲያ ከባሏ ቤት ጠፍታ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። ስልኳንም ቀይራለች። የዚህ ከተማ ልጅ ስለሆነች፣ የትም ሄዳ ብትመዘገብ አዲሱ ቁጥሯ እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ይወጣል።

“ስሟን ጽፎ ማየት እኮ ነው” አልኳቸው አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ። “ምን ዓይነት አባት ነዎት?”

“ቁጥሩን ብትሰጥ የምትሰጠው ለመንግሥት ነው። ለእኔ አይደለም።”

እንዲህ ያለ ድርቅና አይቼ አላውቅም። ሻዩን ጓ አድርጌ አስቀመጥኩላቸው።

ዓምና ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ምዝገባው እንዴት ይሻሻል ብለው ሠራተኛውን ሰበሰቡ። ሌላው አዲስ ኮምፒውተር ሲጠይቅ፣ ጋሽ አብዱልሃዲ አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ “ተመዝጋቢው ይጠየቅ። ቤተሰብ ቢፈልግህ አድራሻህና ስልክህ ይነገር ወይስ አይነገር? አይነገር ካለ ለእኛም አይታየን።” ሐሳባቸውን ወደዱት። ጥያቄው በየከተማው ገባ።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓታቸው ቀድመው መጡ።

“ሐምዲያ ተመዝግባለች፤ ሳልፈልገው መዝገቧ ራሱ መጣልኝ” አሉኝ።

“ታዲያ ይደውሉላታ!”

“ቁጥሩ ተሸፍኗል። አይነገር ብላለች።”

ጉድ እኮ ነው፤ በገዛ ጥያቄያቸው። ልቆጣ አፌን ከፍቼ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለች” አሉ ብርጭቆውን እያዞሩ። “ኒካዋን አስሬ ስድራት እሺ ትበል እምቢ አልጠየቅኳትም። መዝጋቢዎቹ ጠየቋት፤ አፏን ሞልታ አይሆንም አለች።”