ሁሉም ላይ አንድ ምልክት ነበር

ያለ ክስ ሰባት ወር አሰሩኝ። ሐርተሼክ መንገድ ላይ የሰው ግመል በቅጥር ስነዳ ተገኘሁ፤ አንድ የማላውቀው ሰው «ይሄ ኮንትሮባንዲስት ነው፣ የሀገር ጠላት ነው» አለ፣ በቃ። ዳኛ ፊት ሳልቀርብ ቆየሁና በ2010 ብዙ እስረኛ ሲፈታ አብሬ ተፈታሁ። ይህንን ለሰማኝ ሁሉ አውርቼዋለሁ፤ ጅግጅጋ ውስጥ ያልሰለቸው ሰው የለም። እኔ ያደረግኩትን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም፣ ለሚስቴም። ለአንተ የምነግርህ ስለማታውቀኝ ነው።

አያቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚህ ቀረ። እኔ የግመል ገበያ ውስጥ አደግኩ። እስከ ሃምሳ ዓመቴ ስሜን መጻፍ አልችልም ነበር፤ ግመል ላይ በጋለ ብረት የሚተኮሰውን የቤተሰብ ምልክት ግን፣ ሱመድ የሚሉትን፣ ከሩቅ አነባለሁ። ከተፈታሁ በኋላ የጉምሩክ ኬላ ላይ የቀጠሩኝም ለዚህ ነው። ነጋዴ ከብዙ ሰው ስለሚገዛ መንጋው ላይ ብዙ ዓይነት ምልክት ይታያል። አርብቶ አደር የራሱን ነው የሚነዳው፤ ምልክቱ አንድ ነው። ወደ ድንበር ሲሄድ የተያዘ መንጋ ድብልቅ ከሆነ ኮንትሮባንድ ነው ተብሎ ይወረስና ወደ ውጭ ለሚልኩ ነጋዴዎች ይሸጣል። አንድ ከሆነ ውሃ ፍለጋ ነው ተብሎ ይለቀቃል። ይህንን የምናገረው እኔ ነበርኩ።

ድርቁ በጠናበት በ2014 ሀርሺን አጠገብ ዲሪዬን ከነግመሎቹ ያዙት። ዲሪዬ ማን መሰለህ? ከእስር ስወጣ ሆዴ እህል አልቀበል ብሎ ነበር፤ ቤቱ አስቀምጦ የግመል ወተት እያጠጣ ያዳነኝ ሰው ነው። ከእነዚያው ግመሎች። የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅምበት ቢርካ ደርቆበት ወደ ሌላ ቢርካ ሲነዳቸው ነው የተያዘው። እኔን ሲያይ ሳቀ።

«ዋላሂ ተገላገልኩ!» አለ፣ የኬላው ኃላፊ እንዲሰማ በአማርኛ። «ይሄን ጠይቁት። ግመሎቼን ከኔ በላይ ያውቃቸዋል፤ እነሱን ጠጥቶ ነው እንዲህ የወፈረው!»

ኃላፊው ወደ ጎን ወሰደኝ። ደክሞት ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

«ስማ ወንድሜ» አለኝ። «ላኪዎቹ የሚጭኑት አልሞላም። መርከብ በርበራ ወደብ ቆሞ ይጠብቃል። ዶላር ካልገባ መድኃኒት አይገባም። የአንድ ሰው ግመል ከሀገር ጥቅም አይበልጥም። እስቲ እንደ ሀገር ሰው ሆነህ እይልኝ።»

አላስፈራራኝም። ይህንን ልብ በልልኝ። ጉቦም አልሰጠኝም። የሀገር ጠላት ተብዬ ሰባት ወር ሲሚንቶ ላይ የተኛሁ ሰው፣ «የሀገር ሰው» ስባል ደረቴ ተነፋ። ሰው በዚህ ይሸጣል? እኔ ሸጥኩ። በኃላፊው አላላክክም፣ በሀገርም አላላክክም። እኔ ነኝ።

መንጋውን ዞርኩ። የማላውቃቸው ይመስል ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ሁሉም ላይ አንድ ምልክት ነበር።

«ድብልቅ ነው» አልኩ።

«ምን አልክ ዋላል?» አለ ዲሪዬ። ዋላል ወንድሜ ማለት ነው። ሳቁ ገና ከፊቱ አልጠፋም ነበር።

«ድብልቅ ነው» አልኩ ደግሜ፣ ወረቀቱ ላይም አውራ ጣቴን አሳረፍኩ።

ግመሎቹ በሐራጅ ለላኪ ተሸጡ፤ ሲጫኑ ቆሜ አየሁ። ዲሪዬ ዳኛ ሳያይ አምስት ወር ታሰረ። ሚስቱ ሆዳን ልጆቿን ይዛ ሐርተሼክ ዳር ላስቲክ ቤት ገባች፤ ከወተት ወደ እርዳታ ስንዴ። እስር ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የሚፈቱህ ይመስልሃል። ከዚያ በኋላ በሩን መስማት ትተዋለህ። ይህንን የማውቅ እኔ፣ እያወቅኩ ሰው አስገባሁበት።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለምን ሲሉኝ «ለሥራ» እላለሁ። አይደለም። አውራ ጣቴ ያረፈበትን ወረቀት ለማንበብ ነው። ኃላፊው ከተናገርኩት የባሰ ነገር ጨምሮ ጽፎ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። አንድ ቃል አልጨመረም። ያልኩትን ብቻ ነው የጻፈው።

ዲሪዬ ሲፈታ ሽማግሌ ፊት ከሰሰኝ። በሶማሌዎቹ ሥርዓት የተሳሳተ ሰው ይቅር ይባላል፤ አውቆ በሐሰት የመሰከረ ግን ከዚያ በኋላ ቃሉ የትም አይሰማም። አንድ ግራር ሥር ተቀመጥን።

«አቧራ ነበር» አልኩ። «ፀሐዩም ዓይኔ ውስጥ ነበር። ተሳሳትኩ።»

ዲሪዬ ከመቀመጫው ተነሳ። ዱላውን አቀበለኝና «ምልክቴን ሣልልኝ» አለ።

መሬት ላይ ሣልኩ። «ሀ»ን እየሰረዝኩ የምጽፍ ሰው፣ ምልክቱን አንዲት መስመር ሳልስት ጨረስኩት። አጎንብሶ አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በጫማው አጠፋው።

«ተሳስቷል» አላቸው ለሽማግሌዎቹ። «እንዲህ ብላችሁ ጨርሱት።» ወደ እኔ ዞረ። «ሂድ ዋሪያ፣ ሥራህ እንዳይቀርብህ።»

ዋሪያ። ስሙን የማታውቀውን መንገደኛ እንደምትጠራው።

ለምን እንደተወኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምሮኝ ነው? ንቆኝ ነው? ልጠይቀው ሄጄ አላውቅም፤ መልሱን እፈራለሁ። አንተንም ይቅር በለኝ አልልህም፤ ግመሎቹ ያንተ አልነበሩም። ለቀበሌ የሚሄደው የእርቅ ወረቀት «ባለማወቅ ተሳስቶ» ይላል። ሁለቱንም ቃል አንብቤ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውራ ጣቴ ሳይሆን በእጄ ጽሑፍ ፈረምኩ፤ ከስሜ ሥር ቀኑንም ራሴ ጻፍኩ፦ ግንቦት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.