መሃል ላይ የቆመው የገብስ መፈተጊያ

በዚህ ነገር ውስጥ ዋናዎቹ አራት ነን። አንደኛው እኔ፤ ደባርቅ ውስጥ የብረት ሥራ ያለኝ፣ ብየዳን ያለ አስተማሪ እጄን እያቃጠልኩ የተማርኩ ሰው። ሁለተኛዋ ልጄ፤ ዳባት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሦስተኛው ላሜራ የሚሸጥልኝ ሐጂ ነው። አራተኛዋ ከዳባት ወጣ ብላ የምትኖር ባለትዳር፤ ክንዷ አልታዘዝ ብሏት ልጄ ዘንድ የታከመች።

የጀመረችው ልጄ ናት። ገብስ በሙቀጫ ሲፈትጉ ትከሻቸው ያለቀ ሴቶች በየጊዜው ይመጡባታል። «አባባ፣ በእጅ የሚዞር መፈተጊያ ይሥሩ» አለችኝ። ለትምህርቷ ያጠራቀመችውን ገንዘብ አምጥታ ሰጠችኝ፤ ሰው ሳይጠየቅ ብረት እንዳልቆርጥም ቃል አስገባችኝ።

ጠየቅን። እኔ በገበያ ቀን ዳባት ወርጄ ወንዶቹን ጠየቅሁ። «ትልቅ ይሁን፤ ኩንታሉን ባንድ ጊዜ የሚጨርስ» አሉኝ። ልጄ ሴቶቹን ጠየቀች። «ትንሽ ይሁን፤ አዝለን ወስደን የምንዋዋሰው» አሏት። መልሱን የጻፍንባቸውን ሁለት ደብተሮች ጎን ለጎን ሳያቸው ተናደድኩ። የአንድ አገር ሰው፣ እንዲያውም የአንድ ቤት ሰው፣ እንዴት እንዲህ ይለያያል? ልጄ የራሷን ሐሳብ አስብላቸው ነው ብዬ ጠረጠርኩ። የራሴን ደብተር አለመጠርጠሬ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ክርክሩን ለመቁረጥ ከልጄ ጋር ወደዚያች ታካሚ ቤት ሄድን። ባሏ ደጅ ላይ ተቀበለንና «ትልቁ ነው የሚሻለን» አለ። እሱ ፊት ጠየቅኋት።

«ትልቅ ይሻልሻል ወይስ ትንሽ?»

ባሏን አየት አደረገችው። «እሱ እንዳለው ነው እንግዲህ። እጅዎ ይባረክ፣ አባቴ።»

«ሰማሽ?» አልኩ ወደ ልጄ ዞሬ።

ልትሸኘን ስትወጣ ግን ሁለቱ ወደ ኋላ ቀርተው አወሩ። ያለቻትን ልጄ መንገድ ላይ ነገረችኝ፦ «ሲስተርዬ፣ ገብስ እኮ ውሃ ተርከፍክፎበት ነው የሚፈተገው። ለዕለቱ ካልሆነ ይሻግታል። ኩንታል ፈትጌ የት ላድርሰው?»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?»

«ለእርስዎ? ባሏ ፊት? እንደ ዳኛ ቆመውባት!»

«ባሏስ ዋሸኝ?»

«አልዋሸም። እሱ ፈትጎ ገበያ ስለመሸጥ ያወራል፤ እሷ ስለ እራት። አንዱን እንምረጥ፣ አባባ።»

እዚህ ላይ ልሰማት ይገባ ነበር። እኔ ግን ሁሉንም ማስደሰት ፍትሕ መሰለኝ። «መካከለኛ አድርጌ እሠራዋለሁ» ብዬ ለሐጂው ነገርኩት። ሳቀብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለራስህና ለልጅህ በአንድ ልክ ሱሪ ልታሰፋ ነው?»

እየሳቀም ቢሆን፣ ከትርፉ ሊካፈል ብረቱን ሰጠኝ።

ስድስት መፈተጊያ ሠርቼ ዳባት ገበያ አወጣሁ። ወንዶቹ እጀታውን አዞሩና «ይኸ ኩንታል ለመጨረስ ሳምንት ይፈልጋል» ብለው ሄዱ። ሴቶቹ ሊያነሡት ሞከሩ፤ ለሁለት ይዘውትም በስንት ትግል ከመሬት ተላቀቀ። ያቺ ታካሚም መጥታ ነበር፤ ባሏ አጠገቧ አልነበረም። በዚህ ጊዜ አልመረቀችኝም።

«አባቴ፣ ይኸን የሚሸከም ክንድ ቢኖረኝ ሙቀጫውስ ምን አለኝ?»

እውነቷን ለእኔ የነገረችኝ ያን ቀን ነው፤ ብረቱ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ።

ብዙ ቀን በሰዉ ተናድጄ ነበር። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ምርቃት ብቻ! ቁጣው ሲበርድልኝ ጥፋቱ የራሴ ሆኖ አገኘሁት። የሰው ቃል ሲለያይ ውሸታም መፈለግ ስንፍና ነው። ማን፣ ለምን ሥራ እንደሚፈልገው መጠየቅ ነበረብኝ። ከዚያም አንዱን መርጦ ሌላውን «ለአንተ አልሠራሁም» ማለት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ልጆቼን ስለ ድፍረት ስመክር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህችን ታህል ግን አልነበረኝም።

አንዱም አልተሸጠም። ላሜራው ተጠቅልሎ ስለተበየደ ፈትቼ ትንሹን ልሥራበት ብልም አልሆነልኝም። ልጄ ዘንድሮ ለትምህርት አልተመዘገበችም፤ ሴትዮዋም አሁንም በዚያው ክንዷ ትፈትጋለች። ከእኔ አርባ አምስት ሺህ፣ ከልጄ ሠላሳ ሁለት ሺህ፣ ከሐጂው የብረት ዋጋ አሥራ ስምንት ሺህ፤ በድምሩ ዘጠና አምስት ሺህ ብር ወጥቶበታል።