ዋልካ ላይ የሠራነው ቤት

ከቤታችን በስተጀርባ አዲስ የመጡ ባልና ሚስት መሠረት እያስቆፈሩ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ መስኮት ስከፍት የተቆፈረ እርጥብ ዋልካ ሽታ ፊቴን መታኝ። ታውቂው የለ፣ ያን ጥቁር አፈር? በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት እንደ ሊጥ ኩፍ ይልና ጫማ ያስወልቃል። ሽታው የበሰበሰ ሣርና የዛገ ብረት አንድ ላይ የተቀቀለ ይመስላል። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይዞ መስኮቱን ይዘጋው ነበር። እኔ ግን ተደግፌ ቆየሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ የነበረበት፣ የማላውቀው ነገር ያለ የማይመስለኝ ያ ጊዜ መጣብኝ።

ያን ጊዜ እኔና ባለቤቴ እዚሁ ሐሙሲት መምህራን ነበርን። በማኅበር ተደራጅተን የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጠን፤ ይኸው አሁን የምታይው ቦታ ነው። ከከተማው በታች ሜዳው ዝቅ ብሎ የሚያልቅበት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ውሃ የሚተኛበት። ዕጣው የወጣው በጥር ስለነበር ግን ውሃውን ማናችንም አላየነውም። ያየነው ደረቅ ሜዳና ጥግ ጥጉን የበቀለ ቄጠማ ነው። ቄጠማ የት እንደሚበቅል የሁለተኛ ክፍል ልጆችን አስተምር ነበር፤ ለራሴ ግን ለካ አልገባኝም ነበር።

ግንበኛውን ከገሳይ ያመጣቸው ባለቤቴ ነበር። አጭር ሽማግሌ ናቸው፤ ኮታቸው ላይ የቀረችው አንዲት ቁልፍ ናት፤ መዶሻቸውንና ቱንቢያቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ይይዛሉ። ሥራ ይጀምራሉ ብዬ ስጠብቅ የመጀመሪያውን ቀን ቦታውን ሲዞሩ ዋሉ። ያለፈ ያገደመውን ሁሉ እያስቆሙ "ውሃው በየት ይገባል? በየት ይወጣል? እስተ ምን ድረስ ይተኛል?" ይላሉ። አንዱ ገበሬ ጭኑን በእጁ መታ አድርጎ አሳያቸው። በማግሥቱ ቁፋሮ አስጀመሩ።

እስከ ጉልበት ጥቁር አፈር። እስከ ወገብ ጥቁር አፈር። እስከ ደረት፣ ያው። ሽማግሌው ወደ ጉድጓዱ ይወርዱና አንድ ጭብጥ ዘግነው በመዳፋቸው ይጠቀልሉታል። ሳይበጠስ እንደ ገመድ ሲረዝም ራሳቸውን ነቅንቀው "ገና ነው" ይላሉ። ይቺ "ገና ነው" ታንገበግበኝ ጀመር። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ከመውለዴ በፊት በራሴ ጣራ ሥር መግባት እፈልጋለሁ፤ እኚህ ሰውዬ ግን ወደ ላይ መሥራቱን ትተው ወደ ታች ይወርዳሉ።

ቅዳሜ ዕለት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ ከባሕር ዳር መጣ። የሱን ነገር ሳነሣ ድምፄ ቢሻክር ይቅር በዪኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ ሰው "ኢንጂነር" ሲለው ግን አያርምም። ነጭ ጫማ አድርጓል። ወደ ዋልካ ነጭ ጫማ አድርጎ የሚመጣ ሰው ስለ ዋልካ ምን ሊያውቅ ይችላል? ያን ጊዜ ይህን አልጠየቅሁም። እንዲያውም ጫማው እንዳይቆሽሽ ሣንቃ ያነጠፍኩለት እኔ ነኝ።

ሣንቃው ላይ ቆሞ ወደ ጉድጓዱ አየና ሳቀ። "አንተ ሰውዬ፣ ቤት ነው ወይስ መቃብር የምትቆፍረው?" አለ። አባቱ የሚሆኑትን ሰው በአንተ!

ሽማግሌው ቀና አሉ። "ዋልካ ክፉ ነው፣ ጌታው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይሸሻል። እላዩ ያስቀመጡትን ሁሉ ይዞት ይነሣል፣ ይዞት ይወርዳል። ኸሥሩ ጭንጫ አለ፤ እሱ ላይ ነው መድረስ።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪገኝ።"

"ሲሚንቶ የሚባል ነገር ሰምተህ አታውቅም? ጉልበት ድረስ ቆፍሮ ሲሚንቶ ማፍሰስ ነው! በዚህ ዘመን እንዲህ የሚቆፍር አለ?"

ሽማግሌው ወደ ባለቤቴ ዞሩ። ባለቤቴ በስንጥር የጫማውን ጭቃ ይፍቅ ነበር። የቤቱ ዕጣ በሚወሰንበት ሰዓት የገዛ ባሌ ያከናወነው ትልቁ ሥራ ይኸው ነው፤ ጫማውን አጸዳ። ከዚያ ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። እኔ ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"አባቴ፣ አንቱ የሚያውቁት የበረት ግንብ ነው። ይሄ የሰው ቤት ነው።"

ዋርሳዬ እስኪንከተከት ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩን አሳምሬ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌው አልተቆጡም። በርሜሉ ጋ ሄደው መዶሻቸውንና አካፋቸውን አንድ በአንድ አጠቡ፤ በኮታቸው ጫፍ አደረቁና ከረጢታቸው ውስጥ ከተቱ። ሊሄዱ ሲሉ "ጉድጓዱን ክፍት አትተዉት፤ ከብት ይገባበታል" አሉ። ከረጢታቸውን ተሸክመው ሄዱ።

ዋርሳዬ የራሱን ሰዎች አመጣ። የመጀመሪያ ሥራቸው ምን ነበር መሰለሽ? ጉድጓዱ ጉልበት ድረስ ብቻ እስኪቀር ሽማግሌው ያስወጡትን ያንኑ ጥቁር አፈር መልሰው መሙላት። እላዩ ላይ ድንጋይ ደረደሩ፣ ሲሚንቶ አፈሰሱ፣ ብሎኬት አቆሙ። ቤቱ ዓይናችን እያየ አደገ። ለግንቦት ልደታ ጠበል ተረጭቶ ገባንበት። ዋርሳዬ የቢራ ጠርሙስ ይዞ ንግግር አደረገ፤ ስለ ዘመናዊ አሠራርና ስለ ገጠር ሰው ግትርነት። ጎረቤቱ አጨበጨበለት። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ አጨበጨብኩ።

ሰኔ ላይ ሴት ልጅ ወለድኩ። ሐምሌ ሲገባ ውሃው መጣ። ጮሆ አይመጣም፤ ጠዋት ስትነሺ ግቢው ሰማይ ይመስላል፣ እንቁራሪቱ ይንጫጫል፣ ያ ሽታ በበሩ ሥር ይገባል። መጀመሪያ የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ አለ። ቀጥሎ ከመስኮቱ ማዕዘን እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ወረደ። በሳምንቱ እርሳስ አስገባሁበት፣ ገባ። በሌላው ሳምንት ጣቴን አስገባሁ፤ የውጭው ብርድ ጣቴን ነካኝ።

ባለቤቴ ለወንድሙ ደወለ። "ልስኑ ነው፤ ልስን ሲደርቅ እንዲያ ያደርጋል" አለ ኢንጂነራችን። በዚያ ውሃ መሐል ምን እንደሚደርቅ እግዜር ይወቅ። ከዚያ ራሱ መጣ፤ ምን ይዞ? ቀለም! አንድ ባልዲ ክሬም ቀለም ይዞ መጥቶ ስንጥቁን በጨርቅ ጠቅጥቆ ቀባውና፣ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ብሎ የእጁን ሥራ እያየ "በቃ፣ አለቀ" አለ። አለቀ!

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን እኩለ ቀን ገደማ ዝናቡ ድንገት አባራና ፀሐይ ወጣች። ልጄን ፀሐይ ላሙቃት ብዬ ከአልጋ አንሥቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። እግሯን ቅባት እየቀባሁ ሳለ ከውስጥ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ መሬቱ ከሥሬ ደነገጠ። ስገባ የመኝታ ቤቱ ማዕዘን ወደ ታች ተቀምጧል፤ ከላይ የነበረው ብሎኬት ተንዶ አልጋው ላይ ወድቋል። ብርድ ልብሷ ከፍርስራሹ ሥር በአንድ ጫፍ ብቅ ብሎ ይታያል። አቧራው በፀሐዩ ውስጥ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። አልጮህኩም። ልጄን አጥብቄ ስለያዝኳት እሷ ነበረች የጮኸችው።

ባለቤቴ ከገበያ ሮጦ መጣ። አየ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። ለማን እንደሚደውል ስላወቅሁ ልጄን አዘልኩና ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ቤት የፈረሰበት ሰው ወንድሙን "ምን ይሻላል" ሲል ቆሜ ለማዳመጥ አንጀቴ አልቻለም።

በሚኒባስ ወረታ፣ ከወረታ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ገሳይ። መንገዱን ሙሉ ይቅርታዬን ስለማመድ ሄድኩ። ይስቁብኛል፣ "አላልኩሽም?" ይሉኛል፣ ምናልባትም ፊታቸውን ያዞሩብኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ሽማግሌውን ያገኘኋቸው ከአንድ ቤት ደጅ፣ ለውሃ መውረጃ የሚሆን ድንጋይ ሲጠርቡ ነበር። ደጋው ቀዝቅዟል፤ ጉም ከመንገዱ በላይ ተንሳፍፏል። ቀና ብለው አዩኝና መዶሻቸውን አስቀመጡ።

"ቤቱ ወረደ?" አሉ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ሰው ነካ?"

"የለም።"

ጨርቁን ገልጠው ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጄን አዩዋት። "ያን ጊዜ ሆድሽ ውስጥ የነበረችው ይቺ ናት?" ከዚያ ወደ ቤት አስገብተው እሳት ዳር አስቀመጡኝና ደረቅ ነጠላ አምጡላት አሉ። የተለማመድኩት ይቅርታ ሳልናገረው ቀረ። "አሁን ውሃው ሳይሄድ አልነካውም" አሉኝ ስሄድ። "በግንድ አስደግፉትና ለቃችሁ ውጡ። ጥቅምት እመጣለሁ።"

በጥቅምት መጡ። ቤቱን አላፈረሱትም። ግድግዳውን ደግፈው ሁለት ክንድ ያህል ብቻ ከሥሩ ያስቆፍራሉ፤ ጭንጫው ሲገኝ በድንጋይና በሲሚንቶ ይሞሉታል፤ እሱ እስኪጠና ዘለው ሌላ ቦታ ይጀምራሉ። በዚህ ዓይነት ቤቱን ዙሪያውን እግር አበጁለት። በግቢው ዳር ለውሃው ቦይ አወጡለት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ድንጋይ አቀብላለሁ። ባለቤቴም ጉድጓድ ውስጥ ይወርድ ጀመር፤ ሳይናገር ይወርዳል፣ ሳይናገር ይወጣል። ለእሱ ያ ብዙ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ይህንን ልቆጥርለት አልፈለግሁም።

አንድ እሑድ ዋርሳዬ መጣ። ጉድጓዱን ከሩቅ አየና ምን ቢል ጥሩ ነው? "እኔ እኮ ከመጀመሪያው ጠለቅ ይበል ብያለሁ። ሰዎቹ ናቸው ያበላሹብን።"

እኔ ድንጋዩን እንደያዝኩ ዞርኩበት። ሽማግሌው ግን ከጉድጓዱ ውስጥ ረጋ ብለው "እውነትዎን ነው፣ ጌታው" አሉ። "እንግዲያው ይውረዱና ይዩልን፤ ጭንጫው ላይ መድረስ አለመድረሳችንን አንቱ ይንገሩን።"

ዋርሳዬ ጫማውን አየ። ጉድጓዱን አየ። "ሌላ ጊዜ" አለ። ሠራተኞቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ ባለቤቴ ግን ከጉድጓዱ ውስጥ ጮክ ብሎ ሳቀ። ከተጋባን ወዲህ በወንድሙ ላይ ሲስቅ ያን ቀን ገና መስማቴ ነበር። ዋርሳዬ ዛሬም በዓል በመጣ ቁጥር ለእንግዳ ሁሉ ቤቱን እንዴት ጠለቅ አድርጎ እንዳስቆፈረ ይተርካል። እኔም ወጥ እጨምርለታለሁ። ንቀቴን ግን አልቀነስኩለትም።

ሥራው ባለቀ ቀን ሽማግሌው መሣሪያቸውን ሲያጥቡ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። "አባቴ፣ ያን ቀን የተናገርኩዎት…" ብዬ ጀመርኩ።

"የበረት ግንብ ነው የሚያውቁት ብለሽኛል" አሉ፤ ፊታቸው ላይ ቂም የለም። "እውነትሽን ነው። ሥራ የጀመርኩት በበረት ነው። ገበሬው ያለው ሁለት በሬ ነው፤ ግንቡ በክረምት ቢናድበት ቤተሰቡ ምን ይበላል? እሱን እያሰብኩ ነው የለመድኩ።" እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉና ልጄን ግንባሯ ላይ ስመው ሄዱ።

"የበረት ግንብ" ብላ የሳቀችው ያቺ ሴት ማን እንደነበረች ሳስብ፣ ከዋርሳዬ የተረፈውን ንቀት ሁሉ ለእሷ እሰጣለሁ። ነጭ ጫማ አላደረገችም እንጂ ከእሱ በምን ትሻላለች?

ዛሬ ጠዋት ከቤታችን በስተጀርባ ወዳሉት ሄጄ "ገና ነው፣ አስጨምሩ፤ ጭንጫው ከታች ነው" አልኳቸው። ባልየው ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ነገም እሄዳለሁ፤ ከነገ ወዲያም።

ሽማግሌው ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው። የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ስለነበር ለሠልስቱ ብቻዬን ገሳይ ወጣሁ። ድንኳኑ በሰው ሞልቷል፤ አንድም የማውቀው ፊት የለም። በሩ ላይ እንባዬን እየጠረግሁ ስቆም ጥቁር የለበሰች ሴት መጣችና ክንዴን ያዘችኝ። የት እንደምታስቀምጠኝ ግራ ገብቷታል፤ ከጎረቤት ጋር፣ ከእንግዳ ጋር ወይስ ከቤተሰቡ።

"ምናቸው ነሽ፣ እኅቴ?" አለችኝ።

ቤቴን የሠሩልኝ ናቸው ልል አሰብኩ። የሰደብኳቸው ሴት ነኝ ልል አሰብኩ። አለቀስኩ ብቻ። ሴትዮዋ ጥያቄዋን ሳትደግም ይዛኝ ገባች። ሴት ልጆቻቸው የተቀመጡበት ምንጣፍ ጋ ስንደርስ "ጠጋ በሉላት" አለቻቸው። ጠጋ አሉልኝ።