የአርባ ሁለት ቁጥር ቁልፍ

አንድ ተራ ቀን አባቴን የሚያስከፍለው ሁለት ጉልበቱንና አንድ ጉሮሮውን ነው። የዩኒቨርሲቲ ወንዶች ማደሪያ ፕሮክተር ነው። ባለ አራት ፎቁን ሕንፃ ጧት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ይወጣዋል፤ አምፖል ከተቃጠለ ወይም ሁለት ልጆች በአንድ ባልዲ ከተጣሉ ደግሞ ሌላ ዙር አለ። «ቧንቧ ዝጉ!» ሲል ይውልና ቤት ሲገባ ድምፁ ስለሚያልቅ ልጄን የሚያጫውታት በእጅ ምልክት ነው። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ኖሯል። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ቀርቶታል፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ልጅ ወደ ትምህርቱ መመለስ አለበት።

መንግሥት ከመለወጡ በፊት ተማሪው አንድ ልብ ነበር ይላል አባቴ። ልጆቹ የተከለከለ ወረቀት ፍራሽ ሥር ይደብቃሉ፣ እሱም ፍራሽ ሲፈትሽ ዓይኑ ይደክማል። ከሁሉም የባሰው «ማይክ» የሚሉት የሕግ ተማሪ ነበር። ምግብ አዳራሽ ወንበር ላይ ወጥቶ መናገር ከጀመረ ሹካ የሚያነሳ አይገኝም። ለውጡ ሲመጣ ግቢው በደስታ አበደ፤ ሲታሰሩ የከረሙት ልጆች ከፖሊስ ጋር ተቃቅፈው ፎቶ ተነሱ። አባቴም «እፎይ፣ ጉሮሮዬ ሊያርፍ ነው» አለ።

የት ያርፋል! ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ እኩሌቶቹ «ለውጡ ጊዜ ይሰጠው» ሲሉ፣ እኩሌቶቹ «ተከድተናል» አሉ። በአንድ ሳህን ይበሉ የነበሩት ክፍል ቀይሩልን ብለው መጡ።

«ፋዘር፣ ከዚህ ካድሬ ጋር አላድርም!»

«እሱ ካድሬ ከሆነ አንተ ምንድን ነህ?»

«እኔማ ሕዝብ ነኝ።»

«እንግዲያው ሕዝብ ሆይ፣ መጀመሪያ ካልሲህን እጠብ። ልጁ የከሰሰህ በእሱ ነው።»

ማይክ ያን ጊዜ ተመርቆ እዚያው ተቀጥሯል። የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ ሆኖ ባለ መጋረጃ ቢሮ ተሰጥቶታል።

በአባቴ ሕንፃ አራት ልጆች የሚያድሩበት ክፍል ቁልፉ አንድ ነው፤ የሚመዘገበውም በአንዳቸው ስም ነው። መጨረሻ የሚወጣው ልጅ መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳ ሰቅሎት ይሄዳል። አባቴ በየቀኑ ረፋድ ላይ ያልተሰቀሉትን ከነባለስማቸው ይጽፍና ዓርብ ለቢሮ ያስገባል። ቁልፍ እንዳይጠፋ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

«ተከድተናል» ያሉት ሰልፍ የወጡት አንድ ረቡዕ ነበር። ከአርባ ሁለት ቁጥር ክፍል ሦስቱ ልጆች ወጡ። አራተኛው፣ ቁልፉ በስሙ ያለው፣ «ዝምታ» የሚሉት የሦስተኛ ዓመት ምህንድስና ተማሪ፣ ትኩሳት ጥሎት አልጋ ላይ ዋለ። እኔ ራሴ ልጄን አዝዬ ሻይ በሎሚ አድርሼለታለሁ፤ «አመሰግናለሁ እህቴ» ለማለት እንኳ አቅም አልነበረውም። ቁልፉ ከውስጥ በኩል በሩ ላይ ነበር። አባቴም እንደ ልማዱ «አርባ ሁለት፣ ያልተሰቀለ» ብሎ የልጁን ስም ጻፈ። ያ ሳምንት እንደ ሌላው ሳምንት እንዳልሆነ አላሰበበትም። ቢሮው ግን ቁልፍ ያልሰቀለ ሁሉ ወደ ሰልፍ የሮጠ ነው ብሎ ወረቀቱን የሰልፈኞች ዝርዝር አድርጎ አነበበው። ሰልፍ የወጡት ሦስቱ ስማቸው ስላልተጻፈ ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ አልጋ ላይ የዋለው አንድ ዓመት ታገደ።

ዝምታ ደብዳቤውን ይዞ ወረደ። «ፋዘር፣ የጻፉኝ እርስዎ ነዎት?»

«ቁልፉን ነው የጻፍኩት፣ ልጄ።»

«የታገደው ግን ቁልፉ አይደለም።»

ፖለቲካ ሲነሳ ጆሮውን በማዳመጫ የሚደፍን ልጅ በማግስቱ የግቢው በር ላይ ቆሞ መናገር ጀመረ። ንግግሩ እየመረረ ሄዶ የድሮዎቹ ነገረኞች እንኳ ፈሩት። በሁለተኛው ሳምንት ሻንጣውን ይዞ ጠፋ፤ ስልኩም ተዘጋ።

አባቴ ማይክ ቢሮ ሲሄድ እኔም ተከተልኩት።

«አባባ፣ ሪፖርቱ ላይ የራስዎ ፊርማ አለ» አለው ማይክ።

«ያንተ ፍራሽ ሥር የነበረውንስ መች ጽፌ ፈረምኩበት?»

ማይክ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። «ያ ጊዜ ሌላ ነበር፣ አባባ።»

«ላንተ ነው ሌላ የሆነው። እኔ ያው ወንበሬ ላይ ነኝ።»

ማይክ ወረቀት ሳበ። ወደ ይግባኝ ኮሚቴም ለልጁ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ነገር ግን ደንቡ ልጁ ራሱ ካልቀረበ ጉዳዩ አይታይም ይላል። አባቴም ምስክር መሆን የሚችለው መዝገቡ በእጁ እስካለ ድረስ ነው። ከአራት ወር በኋላ እሱ የሚናገረው የአንድ ሽማግሌ ወሬ ነው።

«ቢመለስስ ይረጋጋል ብለህ ነው?» አልኩት እግሩን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ተቀምጦ ሳለ።

«እንጃ። ይሰድበኝ ይሆናል። ይስደበኝ፤ ብቻ ክፍል ገብቶ ይስደበኝ።»

እኔ ይመጣል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ወረቀት አምጥቼ፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው፣ አባቴ የሚለውን ጻፍኩ፦

«ይህን የምታነቡ፣ ከእናንተ ዘንድ ቀጭን፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ከምህንድስና የታገደ ልጅ ካለ፣ እናቱም ሁኑ ጓደኛው ወይም ያከራያችሁት፣ ስህተቱ የፕሮክተሩ ነው በሉት። ኮሚቴው ፊት እኔ ራሴ እናገራለሁ። አራት ወሩ ሳያልቅ እንዲመጣ ንገሩልኝ።»