ለደባል የተለቀሰ ለቅሶ

የመዝገብ ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ሰፈሩ የሚጠራው "ጋሽ ልክነው" እያለ ነበር። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የአንዱን ትከሻ፣ የሌላውን ወገብ በለካ ቁጥር "ልክ ነው!" ሳይል እርሳሱን አያነሳምና ቃሉ ስም ሆኖበት ቀረ። ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ በአንድ በኩል የእግር ስፌት መኪናው፣ በሌላ በኩል ጠርዙ የተሸረፈ ረጅም መስታወት ቆሟል። በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር አለች፤ ደንበኞች ልብሳቸውን የሚሞክሩበት ፕሮቫ እስኪደርሳቸው ይቀመጡባታል፣ ሥራ ፈቶች ደግሞ ከነጭራሹ አይነሱባትም። ከበስተጀርባ አረንጓዴ መጋረጃ ተሰቅሏል። ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት ክፍል ቤት አለ፤ እዚያ የሚኖሩት እሱና ደባሉ ነበሩ።

ደባሉ የሂሳብ መምህር ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት እጅጌው የረዘመ ኮት ለብሶ መጣና፣ "እጄ አጥሮ ነው ወይስ ኮቱ ረዝሞ?" ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ልክነው ሳቁ አምልጦት፣ በከንፈሩ የያዛትን መርፌ ሊውጣት ምንም አልቀረውም። ኮቱ በሦስት ቀን አለቀ፤ መምህሩ ግን መመላለሱን አላቆመም። አንዴ ቁልፍ ተበጠሰ ብሎ፣ አንዴ ገበሩ ተተረተረ ብሎ፣ በመጨረሻ ያለ ምንም ሰበብ ይመጣ ጀመር። ዓመት ሳይሞላ መጽሐፎቹን በሁለት ሣጥን አስጭኖ ገባ። ለአከራይዋም ለጎረቤቱም "ደባሌ ነው" ተባለ። ሁለት ወንደላጤ አንድ ቤት ቢጋራ ማንን ይደንቃል?

"አንተ ግን መቼ ነው የምታገባው?" ይሉታል አግዳሚው ላይ የተደረደሩት።

"የሰው ሙሽራ ሳለብስ የራሴ ተራ አለፈኝ" ይላል። ይስቃሉ። በዚያች አንዲት ቀልድ ተሸፍነው አሥራ ስድስት ዓመት ኖሩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አግዳሚዋ ሞልታ ሳለ ሬዲዮው የአድማጮችን አስተያየት መቀበል ጀመረ። ርዕሱ ወንድ ሆነው ወንድ፣ ሴት ሆነው ሴት የሚወዱ ሰዎች ጉዳይ ነበር። አንዱ ደውሎ "በሽታ ነው፣ ይታከሙ" አለ። ሌላው ተከትሎ "ምን ይታከማሉ፣ ይታሰሩ እንጂ!" አለ። አንዲት ሴት "የኔ ልጅ እንዲህ ከሚሆን ሞቶ ብቀብረው ይሻለኛል" ብላ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። አንድ ወጣት ፈራ ተባ እያለ "ግን ማንን ምን አደረጉ?" ብሎ እንደጠየቀ መስመሩ ተቋረጠ። አግዳሚው ላይ የነበሩት በሳቅ ፈነዱ።

ከጎኑ ቀለምና ምስማር የሚሸጠው ባለ ሱቅ፣ "እኔን ቢጠይቁኝ ከአገር አባርሬ ነው የማሳርፋቸው" አለ። ሁሉም በየተራ አንዳንድ ነገር ጣል አደረገ። ጋሽ ልክነው አንገቱን ደፍቶ እግሩን ከመኪናው ፔዳል ላይ አላነሳም። ያን ቀን አንዲት ሱሪ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ በአንድ መስመር ላይ ሰፋት።

"አንተስ ምነው ዝም አልክ? ወይስ አዘንክላቸው?" አለው ባለ ሱቁ። ለቀልድ ነበር። ሆኖም ሁሉም ዞረው አዩት፤ እሱም ሁሉም ዞረው እንዳዩት አየ።

"እኔ?" አለ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ። "እኔማ እንደዚያ ያለውን ሰው የቤቴን ደጃፍ አላስረግጠውም። ከውሻ ለይቼ አላየውም።"

"ልክ ነው!" አሉ በአንድ ድምፅ፣ በራሱ ቃል እየቀለዱበት። አንዱ ጀርባውን መታ መታ አደረገው።

መምህሩ ከመጋረጃው ወዲያ ደብተር እያረመ ነበር።

ሲመሽ፣ ራት ቀርቦ ሁለቱም ሳይነኩት ቆዩ። ጋሽ ልክነው ነው የጀመረው። "ሰማህ እንዴ?"

"መጋረጃ እኮ ነው ያለን" አለ መምህሩ። "ግንብ አይደለም።"

"ታዲያ ምን ልበል ነበር? ሁሉም አፍጠውብኝ!"

"ምንም። ዝም ማለት ይቻል ነበር።" መምህሩ ቀዩን እስክሪብቶ ከፍቶ ዘጋው፣ ከፍቶ ዘጋው። "ሌላው ይሁን። ከውሻ ያልከው ግን..." አለና አልጨረሰውም። ቀጥሎ "ብላ፣ ይቀዘቅዛል" አለው።

ከዚያ በኋላ አልተጣሉም። ቢጣሉ ይሻል ነበር። መምህሩ እንደ ወትሮው ይስቃል፣ እንደ ወትሮው ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል፤ ግን ደንበኛ ባለበት ሰዓት መጋረጃውን ገልጦ ወደ ሱቁ መውጣት ተወ። በጓሮ በር ይገባል፣ በጓሮ በር ይወጣል። ጋሽ ልክነው ይቅርታ ለመጠየቅ ስንት ቀን አፉን ከፈተ መሰላችሁ። በከፈተ ቁጥር ሌላ ነገር ይወጣዋል፦ "ሸሚዝህ ክር መዝዟል"፣ "ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም"።

ይቅርታው ሳይጠየቅ መምህሩ ታመመ። መጀመሪያ ቃር ነው አለ፤ ቀጥሎ ቀበቶው ላይ በየወሩ አዲስ ቀዳዳ ማስበሳት ጀመረ። ሆስፒታል ሲገባ ጉበቱ መጎዳቱን ነገሯቸው። ነርሷ መዝገቡን ዘርግታ፣ "እርስዎ ምኑ ነዎት?" አለችው።

"ደባሉ ነኝ።"

"ቤተሰብ የለውም?"

"እህት አለችው። ሌላ ከተማ።"

"እንግዲያው ይጥሯት። ፊርማ የሚያስፈልገው ነገር አለ።"

ጠራት። እህትየው በማግሥቱ መጣች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቁርጥ ወንድሟን። እሷ አልጋው ራስጌ ተቀመጠች፤ ጋሽ ልክነው ግርጌው ጋ ቆመ። ጎረቤት ሆኖ እንደመጣ ሰው "እግዜር ይማርህ" አለ፣ የያዘውን ሾርባ አስረከበ፣ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት የቀኝ እጁን በመምህሩ ብርድ ልብስ ላይ ሊያሳርፈው ሲል ሰበሰበው።

እቤት ገብቶ አሰበበት። በየቀኑ ብሄድ ምን ይላሉ? ለደባል እንዲህ ይኮናል? እህትየው አትጠረጥርም? ባለ ሱቁስ ሱቄ ሲዘጋ እያየ አይጠይቅም? አስቦ አስቦ፣ አንድ ቀን እያሳለፈ ሊሄድ ወሰነ። ሰኞ ከሄደ ረቡዕ፣ ከዚያ ዓርብ። በማይሄድበት ቀን መኪናው ላይ ተጎልቶ ሰዓቱን እያየ ይውላል፤ የጠያቂ ሰዓት ሲያልፍ ትንፋሹን ይለቃል። እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት ሄደ።

መምህሩ የሞተው በሐሙስ ነው። ጋሽ ልክነው ባልሄደበት ቀን።

እህትየው ስልክ ደውላ አረዳችው፤ ራሷ እያለቀሰች "አይዞዎት" አለችው። የሚቀበርበት ልብስ እንዲያቀብላት ለመነችው። እሱ በእጁ የሰፋለትን ግራጫ ሱፍ ከሣጥን አወጣ። መምህሩ ግን ያ የድሮው ሰው አልነበረም፤ ሱፉ ሁለት ያክለዋል። ቁጭ ብሎ ኮቱን ከሁለቱም ጎን ተርትሮ አጠበበው፣ ሱሪውን ከወገቡ ሰበሰበው። መለካት አላስፈለገውም። አልጋው ግርጌ ቆሞ እያንዳንዷን የቀነሳትን ሥጋ በዓይኑ ሲለካ ሰንብቷል።

ቀብሩ ላይ ከሕዝቡ ኋላ ሊቆም ለራሱ ምሎ ነበር። ቆመም። ተማሪዎች መጥተዋል፣ የትምህርት ቤቱ ባልደረቦች መጥተዋል፣ የአግዳሚዋ ሰዎችም "ደባልህ አይደል፣ አንቀርም" ብለው መጥተዋል። ርዕሰ መምህሩ ጥሩ ንግግር አደረገ። ጋሽ ልክነው ጥርሱን ነክሶ ችሎ ነበር። አፈሩ መውረድ ሲጀምር ግን ሰው እየገፋ ወደፊት ሄደ፤ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበረከከና፣ ከየት እንደመጣ እሱም በማያውቀው ድምፅ ጮኸ፦

"ለማን ትተኸኝ! አንተ ሰው፣ ለማን ትተኸኝ ትሄዳለህ!"

ይህን ሚስት ለባሏ ነው የምትለው። ሁሉም ያውቃል። አካፋ የያዘው ሰውዬ እጁ አየር ላይ ቀረ። ባለ ሱቁ ከጎኑ ያለውን ሰው አየ፣ ያ ሰው ሌላውን አየ። አሥራ ስድስት ዓመት የተሰወረው ነገር ሁለት ቃል ሆኖ ወጣ።

ማንም አልደበደበው፣ ማንም በሩን አልሰበረ። ይህን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ የጠበቀው ያንን ነበር። የሆነው ሌላ ነው። በመጀመሪያ አግዳሚዋ ባዶ ሆነች። ቀጥሎ ባለ ሱቁ ሰላምታውን ወደ ራስ ንቅናቄ አወረደ፣ ከዚያ ራሱንም ማነቃነቅ ተወ። ደንበኞች ጨርሰው አልቀሩም፣ እጁን ይወዱታላ። ግን አሮጌ ሱሪና ኮት በፌስታል ይዘው መምጣት ጀመሩ። "በዚህ ልክ ስፋልኝ" ይላሉ በሩ ላይ ቆመው። ሜትሩን ሲያነሳ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይላሉ። ልጅ ሆኖ ሱሪውን ያሳጠረለት፣ አድጎ የሙሽርነት ሱፉን የሰፋለት ሰው እንኳ "አይ፣ አትድከም፣ ይኸው በዚህ ለካው" አለው። ጋሽ ልክነው ሰው ያልገባበትን ኮት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይለካል። "ልክ ነው" የምትለዋ ቃል ከአፉ ጠፋች።

በሦስተኛው ወር አከራይዋ መጡ። አሮጊት ናቸው፣ ክፉ ሴትም አልነበሩም። ተቀመጡ ቢላቸው አልቀመጥም አሉ።

"ልጄ፣ እኔ ያየሁት ነገር የለም" አሉ ዓይናቸውን መስታወቱ ላይ ተክለው። "አሥራ ስድስት ዓመት እንዳንተ ያለ ተከራይ አላየሁም። ሰው ግን አላስቀምጥ አለኝ። የልጅ ልጆቼም ይመላለሳሉ..."

"ለልጆቹ የፈሩት ምንድን ነው፣ እትዬ?"

"እኔ እንጃ" አሉ። እውነታቸውን ነበር። "እኔ እንጃ ልጄ፣ ሰው ያወራል።" ሲወጡ እንባቸውን በእጃቸው ጠረጉ፤ ቤቱን ግን አስለቀቁት።

ማዶ ሰፈር፣ የደንብ ልብስ የሚያመርት ፋብሪካ ገባ። አዳራሽ ውስጥ ስልሳ መኪና ባንዴ ይጮኻል። የሱ ድርሻ የሱሪ ግራ ኪስ ነው፤ ቀኙን ሌላ ሰው ይሰፋዋል። ልኩ ሦስት ብቻ ነው፦ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። እዚያ ቅጽል ስሙን የሚያውቅ የለም፤ በተራ ቁጥሩ ይጠሩታል። እሱም ወደደው። ስም ከሌለህ ወሬም የለህም ብሎ ራሱን አጽናና። ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኞች ስለ ባልና ሚስታቸው ሲያወሩ፣ "አንተስ?" ሲሉት፣ "ሞቶብኝ..." ይልና ምላሱን ይነክሳል። "ሞታብኝ" ብሎ ያርመዋል። ማታ ቤቱ ሲገባ ያቺ አንዲት ፊደል ታንገበግበዋለች።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ የዕረፍት ቀን፣ የመምህሩ እህት አጠያይቃ በሩን አንኳኳች። እንጨት ወንበሩን አቀረበላት፤ ሻይ አፈላ። ለረጅም ጊዜ ስለ መንገዱ አወሩ።

"ያን ቀን መቃብር ላይ ያሉትን ሰምቻለሁ" አለችው በመጨረሻ። "መጀመሪያ ተናደድኩብዎት። አዋረዱን አልኩ። እናቴ እስካሁን ስምዎ እንዲነሳ አትፈልግም። አልዋሽዎትም ጋሼ፣ ትክክል ነበራችሁ ልልዎ አልመጣሁም። አላውቅም። ተምሬ ያደግኩት ሌላ ነው።"

"ታዲያ ለምን መጣሽ?"

"ወንድሜን እስከ ሃያ ዓመቱ ነው የማውቀው። ከዚያ ደብዳቤና የበዓል ሰላምታ ብቻ። ስለሱ የምጠይቀው ሰው ፈለግኩ፤ ከእርስዎ ሌላ የለም።"

ጋሽ ልክነው ስለ ሬዲዮው ቀን ነገራት። ከውሻ ለይቼ አላየውም ያለውንም አልደበቀም። ለምን አንድ ቀን እያሳለፈ ይመጣ እንደነበርም ነገራት። ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ነበር የሚያወራው። እሷም፣ "የሞተ ዕለት ጠዋት ቀኑን ጠየቀኝ" አለች። "ሐሙስ ነው አልኩት። 'እንግዲያው ዛሬ አይመጣም፣ ነገ ነው' አለ። አልተቀየመም። እንደሚያውቅ ሰው ነው ያለው።"

ሰውየው እንደገና አለቀሰ፤ በዚህኛው ጊዜ የሚያየው ሰው አልነበረም፣ ከእሷ በቀር። እሷም አልነካችውም፣ አልሸሸችውምም። ሲበቃው ሻዩን አሙቃ ሰጠችው።

"ይንገሩኝ እስቲ" አለች። "ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ሰው ለማንም አውርቶ አያውቅም። አሁን ግን፣ ሲዘፍን ድምፁ እንደማይጣፍጥና መዝፈኑን ግን እንደማይተው፣ በተማሪዎቹ ስህተት ብቻውን እየሳቀ እንደሚያርም፣ ጨው አብዝቶ "ሂሳቡ ተሳሳተ" እንደሚል፣ ነጎድጓድ እንደሚፈራ ነገራት። ነጎድጓዱ ላይ ሲደርስ እህትየው ከት ብላ ሳቀች። "ልጅ ሆኖም ይፈራ ነበር! አልጋ ሥር ነበር የምናገኘው!" ጋሽ ልክነውም ሳቀ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ አወሩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሳ መጥታለች። ወደ ቤቷ ግን አንድም ቀን አልጋበዘችውም፤ እሱም ይህን አልጠበቀም። እናቷ ስታርፍ በስልክ ነገረችው፤ ለቀብሩ እንዲመጣ አልጠየቀችውም። እሱ በዚያ ቀን ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቆ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ለቅሶ ተቀምጦ ዋለ።